የጭቃ ፈረስ

የቀድሞ አባቶቻችን ለታላቅ ሰው ሁለት ስም ነበራቸው፤ አንደኛው ቤተ ሰቡ ያወጣለት፥ ሁለተኛው ደግሞ በሚጋልበው ፈረስ የሚጠራበት። ዐፄ ቴዎድሮስ «አባ ታጠቅ»፥ ዐፄ ዮሐንስ «አባ በዝብዝ»፥ ዐፄ ምኒልክ «አባ ዳኘው» መባላቸውን ተማሪ ሁሉ ያውቀዋል። በጅማ ግን ነገሩ ከዚህም የጠለቀ ነው። የዚህ አገር ነገሥታት በታሪክ ይበልጡን የሚታወቁት በፈረስ ስማቸው ነውና፥ አባ መጋል፥ አባ ጅፋር፥ አባ ጎሞል ባልን ቁጥር ሰውየውን ከነፈረሱ እንጠራለን። እንስሳው ሞቶ አፈር ከሆነ በኋላ ስሙ በጌታው ላይ ቀርቶ ሲኖር ማየት ምን ያህል ደስ እንደሚል፥ ጅሬን ኮረብታ ላይ ወጥቶ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት የተመለከተ ሰው ይረዳዋል።

ዛሬ ለአንባቢ ላቀርበው ያሰብሁት ግን የብረቱን ፈረስ ነው። ይኸውም ባለ አራት ምት ሞተር ብስክሌትና በእርሱ ጀርባ ላይ ያደገው የጭቃ ግልቢያ፥ ኤውሮጳውያን «ሞቶክሮስ» የሚሉት ጨዋታ ነው። ከቡና አገር ተቀምጦ ስለ እንደዚህ ያለ ነገር መጻፍ ምን ይባላል የሚል አንባቢ ቢኖር፥ በክረምት ከአጋሮ አልፎ ወደ ገጠሩ አንድ ቀን ይጓዝና ያን ጊዜ ይፍረድ።

እኔ የምኖረው በጅማ ከተማ በአወቱ መንደራ ነው። የአወቱ ወንዝ ከተማዪቱን ሰንጥቆ ያልፋል፤ በክረምት ይደፈርሳል፥ በበጋ ይሳሳል። ከፍታችን ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር የሚበልጥ ሲሆን፥ ዝናብም አይነፍገንም። ቡናውን የሚያበቅለው ይኸው ዝናብ መንገዱን ያበላሻል። ዋናው መንገድ ሬንጅ ለብሶአል፤ ነገር ግን ቡናው የሚለቀመው በዋናው መንገድ ዳር አይደለም፤ በጎማ፥ በማና፥ በጌራና በሊሙ ጥላ ዛፎች ሥር ነው። ወደዚያ የሚወስደው ቀይ አፈር ርጥበት ሲነካው እንደ ሳሙና ያሟልጫል፤ የጭነት መኪና ጎማ ያረሰውም ቦይ ፀሐይ ሲያገኘው እንደ ሸክላ ይጠነክራል። በቅሎ ያልፍበታል፤ እግረኛም ያልፍበታል፤ ሞተር ካለው ነገር ሁሉ ደግሞ ቀድሞ የሚያልፍበት ሞተር ብስክሌት ነው። የእርሻ ባለሙያው፥ ክትባት በበረዶ ሣጥን ይዞ የሚወጣው የጤና ሠራተኛ፥ የቡና ዋጋ ጠይቆ የሚመለሰው ነጋዴ፥ ሁሉም ይህንኑ ጭቃ በሁለት ጎማ ይጋልቡታል። ኤውሮጳዊው ዋንጫ ለማግኘት ብሎ የሚፈልገውን ጭቃ እኛ ለእንጀራ ብለን እንሻገረዋለን።

የፋሽስት ጦር በ1928 ዓ.ም. አገራችንን ሲወር ከታንክና ከአውሮፕላን ጋር ሞተር ብስክሌተኛ ወታደሮችንም ይዞ መጥቶ ነበር። ጅማንም የደቡብ ምዕራቡ ግዛት ዋና ከተማ አድርጎ እስከ 1933 ዓ.ም. ቆየባት። በተሸነፈ ጊዜ ጥሎት የሄደው መንገድና ፈረንጅ አራዳ ላይ የሚታዩት ቤቶች ብቻ አይደሉም፤ ብረትም ጥሎ ሄዶአል፥ ከብረቱም ጋር ቃላት ጥሎ ሄዶአል። የኛ መካኒክ እስከ ዛሬ የሚናገረውን ልብ ብሎ የሰማ ሰው ይገረማል። እሳት የሚሰጠው ካንዴላ በጣልያንኛ ሻማ ማለት ነው። ጢስ የሚወጣበት ማርሚታ ድስት ነው። መሽከርከሪያው የሚያርፍበት ኩሽኔታ ትንሽ ትራስ ነው። ቡሎን የሚያጠብቀው ዳዶም የቁማር መጫወቻ ጠጠር ነው። እንግዲህ ጣልያን ሞተር ሲሠራ የቤቱን ዕቃ ስም ሰጠው፤ እኛ ደግሞ ቤቱን ሳናይ ስሙን ወረስን። በዚህ የሚያፍሩ ሰዎች አጋጥመውኛል፤ እኔ ግን አላፍርበትም፤ ጠላት ጥሎት የሸሸውን ጠመንጃ አንሥቶ መተኰስ ለአባቶቻችን ነውር እንዳልነበረ ሁሉ፥ የጣለውንም ቃል አንሥቶ መሥራት ነውር አይሆንም።

ከቤቴ በታች ወደ ወንዙ ዘቅ ብሎ አንድ ትንሽ ጋራዥ አለ። ባለቤቱ ዕድሜአቸው ሰማንያን ያለፈ አዛውንት ናቸው፤ ሰፈሩ ሁሉ «ጋሼ» ስለሚላቸው እኔም እንዲሁ እላቸዋለሁ። አባታቸው በጣልያን ጋራዥ የጉልበት ሠራተኛ ነበሩ፤ ጠላት ሲወጣ የተሰበረ አንድ ሞቶ ጉዚ በእጃቸው ገባ። ልጅየው ከአባታቸው ጋር አድሰውት በጎልማሳነታቸው ዘመን እስከ አጋሮ ይጋልቡበት ነበር። ዛሬ በጋራዡ ማዕዘን ሸራ ለብሶ ቆሞአል። ሲሊንደሩ አንድ ብቻ ሆኖ እንደ ሌሎቹ ወደ ላይ የቆመ ሳይሆን ወደ ፊት የተጋደመ ነው፤ መጠኑ 500 ሲ.ሲ. ነው። ከባዱ የብረት መዘውር ከሞተሩ ውጭ በጎን ይታያል፤ በቅርጹም ምክንያት ጣልያኖች ሥጋ መሸንሸኛ የሚል ቅጽል ስም አውጥተውለታል። የኋላ እግሩ ሞላ አለው፤ ይኸውም የጉዚ ወንድም ጁዜፔ በ1928 እንደ ኤውሮጳውያን አቆጣጠር ወደ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ በተጓዘ ጊዜ የሞከረው ሥራ ነው።

ባለፈው ዓመት አንድ ደላላ ከአዲስ አበባ መጥቶ ይህን ሞተር የሚፈልግ የውጭ አገር ሰው መኖሩን ነገራቸው። የተጠራው ዋጋ ለልጅ ልጃቸው ባጃጅ የሚገዛ ነው። ልጁ ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፤ የሰው ባጃጅ በቀን ኪራይ ይነዳል፤ ማታ ኪራዩንና ቤንዚኑን ከከፈለ በኋላ የሚተርፈው ጥቂት ነው። አዛውንቱ አስጠርተውኝ፥ «መምህር፥ አንተ መጽሐፍ ታነባለህ፤ ይህ አሮጌ ብረት በነርሱ አገር ይህን ያህል የሚፈለገው ለምንድን ነው? ንገረኝና ልወስን» አሉኝ። ከዚህ በታች የምጽፈው ለርሳቸው ፈልጌ ያገኘሁት መልስ ነው።

በመጀመሪያ ግን እርሳቸው ራሳቸው ያስረዱኝን ላስቀድም። በአራት ምት ሞተር ፒስተኑ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ አንድ ጊዜ ቤንዚንና አየር ይስባል፥ አንድ ጊዜ ያምቃል፥ አንድ ጊዜ ይተኩሳል፥ አንድ ጊዜ ጢሱን ይተፋል። «አንዱን ይሠራል፥ ሦስቱን ይዘጋጃል» አሉኝ። በዚህ ምክንያት ሞተሩ በሁለት ዙር አንድ ጊዜ ብቻ ይተኩሳልና፥ በሁለቱ ተኩሶች መካከል እንዳይቆም የሚያሻግረው ያ ከባድ መዘውር ነው። በጭቃ ውስጥ ጥቅሙ ይታወቃል። ቀስ ብሎ እየደቃ እንደ ጥንድ በሬ ይጎትታል፤ ጎማውም በየዙሩ ዕረፍት ስለሚያገኝ ቶሎ አይንሸራተትም፤ ቁልቁለትም ሲወርድ ሞተሩ ራሱ ፍሬን ሆኖ ይይዘዋል። የጅማ ከፍታ ደግሞ የራሱ ዕዳ አለው። አየሩ ስለሚሳሳ ሞተር በየ1,000 ሜትሩ ከኀይሉ ከመቶ አሥር ያህል ያጣል፤ ለቆላ የተሰፋ የቤንዚን ቀዳዳም እዚህ ይበዛበታል፥ ካንዴላውም በጥላሸት ይጠቁራል። አዛውንቱ ያን ቀዳዳ በብየዳ ደፍነው እንደገና በቀጭኑ እንደ በሱትና መጠኑን በጆሮአቸው እንዳገኙ ነግረውኛል። ይህን ያደረጉት አንዳች መጽሐፍ ሳያነቡ ነው።

ወደ ጨዋታው ታሪክ ልመለስ። የተወለደበት ቀን ተለይቶ ይታወቃል፤ መጋቢት 20 ቀን 1916 ዓ.ም. ነው፤ በኤውሮጳ አቆጣጠር ማርች 29 ቀን 1924 መሆኑ ነው። ይኸውም አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ኤውሮጳን ለመጐብኘት ከአዲስ አበባ በተነሡበት ዓመት ማለት ነው። ከዚህ በታች የሚመጡት ዓመቶች ሁሉ በኤውሮጳ አቆጣጠር ናቸው። በእንግሊዝ ደቡብ፥ ካምበርሊ በምትባል ስፍራ የነበሩ የሞተር ብስክሌት ማኅበርተኞች፥ ሰሜኖቹ «ስኮት» እያሉ የሚያካሂዱትን ዝነኛ የፈተና ግልቢያ በአገራቸው ለማድረግ ፈለጉ። በፈተናው ዳኞች በየአስቸጋሪው ስፍራ ቆመው እግሩን መሬት ያስነካውን ጋላቢ ነጥብ ይቀንሱበት ነበር። ደቡቦቹ ይህን ትተው ፍጥነት ብቻ ይፍረድ አሉ። የበላዩ ማኅበርም እንግዲያውስ ይህ ፈተና ሊባል አይችልም ስላላቸው፥ «ስክራምብል» ብለው ጠሩት፤ ሽሚያና ግርግር እንደ ማለት ነው። በቁጥቋጦና በአሸዋ፥ በዳገትና በቦይ ላይ ተሽቀዳድመው አርተር ስፓርክስ የተባለው ቀደመ፤ ከተነሡትም ብዙዎቹ ሳይጨርሱ ቀሩ። (እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ስሙ ለፈተናው የተሰጠው አልፍሬድ ስኮት ሞተር ሠሪ ነበር፤ የሠራውም ባለ ሁለት ምት ነው። የአራት ምቱን ዘመን የከፈተው በር የተሰየመው በተቀናቃኙ ስም መሆኑ ነው።)

ፈረንሳዮች ጨዋታውን ወስደው መንገዱን አሳጠሩት፤ ተመልካች በአንድ ኮረብታ ላይ ተቀምጦ ጋላቢዎቹን በየዙሩ እንዲያይ አደረጉ። «ሞቶክሮስ» የሚለውም ስም ሞተር ብስክሌትንና የአገር አቋራጭ ሩጫን ያጣመረ የነርሱ ወገን ቃል ነው። ቀጥሎ ሁለተኛው የዓለም ጦርነት መጣ። ጦርነቱ ጨዋታውን አቆመው፤ ግን በሌላ መንገድ አሳደገው። በየሠራዊቱ መልእክት የሚያደርሱ ብዙ ወጣቶች በተፈነዳዳ መሬት ላይ መጋለብን ተማሩ፤ በ1945 ሰላም ሲሆን ደግሞ የጦር ሠራዊት ሞተሮች በርካሽ ተሸጡ። ጋላቢውም ፈረሱም በአንድ ጊዜ ተገኙ ማለት ነው። በ1947 በሆላንድ አገር ቫሰናር በተባለ አሸዋማ ስፍራ የእንግሊዝ፥ የቤልጅግና የሆላንድ ቡድኖች ተገናኝተው የመጀመሪያው የአገሮች ውድድር ተደረገ፤ እንግሊዞች ቤልጅጎቹን በጥቂት ሰከንዶች ብቻ በልጠው አሸነፉ።

በ1952 የኤውሮጳ ሻምፒዮና ተቋቋመ፤ በ500 ሲ.ሲ. ሞተር የመጀመሪያው ባለ ድል ቪክቶር ለሉ የተባለ ቤልጅጋዊ ሲሆን የጋለበው ኤፍ ኤን ነበር። እዚህ ላይ ጥቂት ልዘግይ። ኤፍ ኤን በሄርስታል ከተማ በ1889 የተቋቋመ የጠመንጃ ፋብሪካ ነው፤ ከጣልያን ወረራ በፊት ለአገራችን ጠመንጃ ሸጦአል፤ አባቶቻችን በሽለላቸው «ቤልጅግ» እያሉ ያነሡት የነበረውም የዚያች አገር ብረት ነው። የእንግሊዙ ቢ ኤስ ኤ በ1861 ሲመሠረት የበርሚንግሃም ጠመንጃ ሠሪዎች ማኅበር ነበር፤ ምልክቱም ሦስት የተደጋገፉ ጠመንጃዎች ናቸው። የስዊድኑ ሁስክቫርና ከ1689 ጀምሮ የንጉሥ ጠመንጃ ይሠራ የነበረ ቤት ነው። የቼኮዝሎቫኪያው ሲ ዜድም እንዲሁ ከጦር መሣሪያ ፋብሪካ የወጣ ነው። የጠመንጃ አፈሙዝ አጥርቶ መቦርቦር የቻለ እጅ ሲሊንደር መቦርቦር አያቅተውም። ይህን ለአዛውንቱ ስነግራቸው ብዙ ሳቁ፤ «ታዲያ ተኩሱ ከዚያ ነዋ የመጣው» አሉ።

የዓለም ሻምፒዮና የተባለው ከ1957 ጀምሮ ነው። ከዚያ በኋላ ለሰባት ዓመት ያህል መድረኩ ከሞላ ጐደል የስዊድኖች ሆነ። እነዚህን ስዊድኖች እኛ የምናውቃቸው በሆለታ የጦር ትምህርት ቤት መምህርነታቸውና በቢሾፍቱ አየር ኀይላችንን በማሠልጠናቸው ነው፤ በአገራቸው ግን ጥድ ጫካ ውስጥ ሞተር የሚያስጮሁ ሰዎችም ነበሩአቸው። በ1957 ቢል ኒልሰን ኤ ጄ ኤስ ጋልቦ አሸነፈ፤ ሞተሩ በመሠረቱ ለአስፋልት ውድድር የተሠራ ነበር። በ1958 ብቻ ሬኔ ባተን ድሉን ለቤልጅግና ለኤፍ ኤን መለሰ። በ1959 ስተን ሉንዲን በሞናርክ፥ በ1960 ኒልሰን እንደገና በሁስክቫርና፥ በ1961 ሉንዲን ሊቶ በተባለና በጥቂቱ ብቻ በተሠራ ሞተር፥ በ1962ና በ1963 ሮልፍ ቲብሊን በሁስክቫርና ዋንጫውን ወሰዱ። አንባቢ የሞናርኩንና የሁስክቫርናውን ሞተር ከየት እንደ መጣ ቢመረምር፥ አልቢን የተባለ ፋብሪካ በጦርነቱ ጊዜ ለስዊድን ሠራዊት የሠራው የወታደር ሞተር ብስክሌት ልብ ሆኖ ያገኘዋል። ባለ አንድ ሲሊንደር፥ 500 ሲ.ሲ.፥ ባለ አራት ምት፥ ለጭቃና ለወታደር ሸክም የታሰበ። በአወቱ መንደራ ሸራ ለብሶ የቆመው ጉዚም ይኸው ዓይነት ደም አለው፤ ሻምፒዮን ሆኖ አያውቅም፥ ዘመዱ ግን ሆኖአል።

እንግሊዞች ደግሞ «ጎልድ ስታር» ነበራቸው። በ1937 ዋል ሃንድሊ በብሩክላንድስ የመሽቀዳደሚያ ሜዳ አንድ ቢ ኤስ ኤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ስላስኬደ የወርቅ ኮከብ ተሸለመ፤ በሚቀጥለው ዓመት የወጣው ሞተር ስሙን ከዚያ ኮከብ ወሰደ። በጭቃ ሜዳም ለብዙ ዓመት የሚመረጥ ሆነ፤ ጉድለቱ ክብደቱ ነበር። ጄፍ ስሚዝ የተባለው ጋላቢና የፋብሪካው ሰዎች ከትንሽ የ250 ሲ.ሲ. ሞተር ተነሥተው፥ ጥቂት በጥቂት እያሰፉ፥ 420 ሲ.ሲ. ኋላም 440 ሲ.ሲ. አደረሱት፤ በ1964ና በ1965 የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ባለ አራት ምት ሞተር ከዚህ በኋላ ይህን ድል ለረዥም ዘመን አላየውም።

ምክንያቱ ቀላል ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር በየዙሩ ይተኩሳል፤ ቫልቭ የለውም፥ ስለዚህ የሚከፍተውና የሚዘጋው ብረት ሁሉ ይቀርለታል፥ ክብደቱም ይቀላል። የምሥራቅ ጀርመን መሐንዲስ ቫልተር ካደን የማርሚታውን ቅርጽ አጥንቶ፥ ወደ ውጭ የሚሸሸውን ያልተቃጠለ ቤንዚን በግፊት ሞገድ ወደ ሲሊንደሩ መመለስን ባሳየ ጊዜ የኀይል ጕድለቱም ተወገደ። ድስቱ ሞተር ሆነ ማለት ይቻላል። ቢ ኤስ ኤ በ1966 ክብደት ለመቀነስ ብሎ ቲታንየም በተባለ ውድ ብረት አካል ሠራ፤ ብረቱ ቀላል ነው፥ ጠንካራም ነው፤ ነገር ግን አየር ሳይነካው ካልሆነ አይበየድም፤ በውድድሩ ሜዳ ሲሰነጠቅ የሚጠግነው አልተገኘም። ጅማ ያለ በያጅ ሁሉ አስቀድሞ ይነግራቸው ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም። በዚያው ዓመት ፓውል ፍሪድሪክስ የተባለ ምሥራቅ ጀርመናዊ በባለ ሁለት ምት ሲ ዜድ አሸነፈ፤ ሦስት ዓመት በተከታታይ አሸነፈ። ጃፓኖች ቀጠሉ፤ በ1971 ሮዤ ደ ኮስተር በሱዙኪ ተነሣ። አራት ምቱ ለሽማግሌዎች ቀረ።

እንደገና የተነሣው በ1993 ጃኪ ማርተንስ በባለ አራት ምት ሁስክቫርና የ500 ሲ.ሲ. የዓለም ሻምፒዮን በሆነ ጊዜ ነው። ያማሃ ደግሞ በ1997 አዲስ ባለ አራት ምት ሞተር በአሜሪካ አሸንፎበት በዓመቱ ለገበያ አቀረበው። ደንቡም ለአራት ምቱ ሰፋ ያለ መጠን ፈቀደለት፤ ጢሱ አየር አያበላሽም የሚለውም ክርክር ረዳው። ዛሬ በትልቁ ሻምፒዮና የሚጮኸው የአራት ምት ድምፅ ነው። አሮጌዎቹም አልተረሱም፤ በእንግሊዝ ከ1965 በፊት ለተሠሩ ሞተሮች ብቻ የተለየ ውድድር የሚያደርጉ ማኅበሮች አሉ፤ በጋራዣቸው የሚያስቀምጡ ሀብታሞችም አሉ። የአሮጌ ብረት ዋጋ የጨመረው በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ለአዛውንቱ ሁለት ምሽት ሙሉ አነበብሁላቸው። ሲጨርስ አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ፤ «ሰውየው የሚፈልገው ሊጋልበው ነው ወይስ ሊያየው?» አንዳንዱ እንደሚጋልብ፥ አንዳንዱ በመስተዋት ቤት እንደሚያቆም ነገርኋቸው። «ፈረስ በመስተዋት ቤት ምን ይበላል?» አሉና ዝም አሉ። የልጅ ልጃቸው በበሩ ቆሞ ይሰማ ነበር፤ እርሱም፥ «አባባ፥ እዚህስ ሸራ ሥር ምን ይበላል?» አላቸው። በትሕትና ነው የተናገረው፤ ሆኖም መልስ አልተገኘለትም።

እኔ በበኩሌ ሞተሩ ከጅማ ባይወጣ እወዳለሁ። የአባ ጅፋር ዕቃ በከተማችን ቤተ መዘክር ተጠብቆ ይታያል፤ ከዚያ አጠገብ አንድ የብረት ፈረስ ቢቆም፥ ጠላት ይዞት የመጣው መሣሪያ በጅማ ሰው እጅ ምን እንደ ሆነ ተማሪ ያይ ነበር። ይሁን እንጂ የልጁን የቀን ኪራይ የምከፍለው እኔ አይደለሁም፤ ቤተ መዘክርም ባጃጅ አይገዛም። ከሞተሩ ይልቅ የሚያሳስበኝ ቀዳዳውን በጆሮ የለካው ዕውቀት ነው። እርሱን ደላላ አልጠየቀውም፤ አዛውንቱም ዐይናቸው እየደከመ ነው።

በመጨረሻ ሽማግሌው አንድ ውሳኔ ሰጡ። ገዢው ቡናው ተለቅሞ ካለቀ በኋላ በጥር እንደሚመጣ ልኮአል፤ እስከዚያ ድረስ ልጁ ሞተሩን በገዛ እጁ ፈትቶ፥ እያንዳንዱን ዕቃ በስሙ ጠርቶ፥ መልሶ ገጥሞ ማስነሣት አለበት። ሲነሣና ድምፁን ሲሰሙት ለመሸጥም ላለመሸጥም ያን ጊዜ ይነጋገራሉ። ልጁ መጀመሪያ ተቆጥቶ ነበር፤ የሥራ ቀን ይባክንብኛል ብሎ። አሁን እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ባጃጁን ለጓደኛው ሰጥቶ ይመጣል፤ እኔም የመጽሐፉን ሥዕል ይዤ አጠገባቸው እቀመጣለሁ።

ባለፈው እሑድ ቴስታታው ወርዶ ጆንያ ላይ ተጋድሞ ነበር። ልጁ የአንደኛውን ቫልቭ መቀመጫ በዱቄትና በዘይት ሲፈጭ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። አዛውንቱ በጣታቸው ዳሰሱትና ቤንዚን እንዲያፈስበት አዘዙት፤ በደንብ ካልገጠመ በሥሩ ያንጠባጥባል። ሩብ ሰዓት ያህል ሦስታችንም ጎንበስ ብለን ጠበቅን። ጠብ ያለ ነገር አልነበረም። ሁለተኛው ቫልቭ ገና አልተነካም።